«ቤቱ ሰፋ» ወይስ «ቤቱ ጠፋ»? ለ«ድምፅ ለኪ ምሁር» ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ላከችልኝ። «ጋሼ፣ አንብበውና የመሰለህን ንገረኝ» ብቻ ነው ያለችው። ቅር እንዳላት ከድምፅዋ ገባኝ። ርዕሱ «ድምፅ ለኪ ምሁር ለማን ይጠቅማል?» ይላል። ጸሐፊው ስሙን አላወጣም፤ ብዕሩ ግን አይታማም። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ አኮስቲክን፣ ማለትም የድምፅን ጠባይ፣ እንዲሁም የሙዚቀኞችን ጤና የሚያጠና የሙዚቃ ምሁር መሆን ለኛ አገር ቅንጦት ነው፤ ልጆቻችን ዕድሜያቸውን አያባክኑበት።

ልጅቷ ፊዚክስ ሁለተኛ ዓመት ነች። በገና ትደረድራለች። ሁለቱን አገናኝቶ የሚያጠና ሙያ እንዳለ ያወቀች ዕለት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የራሴንም ልናገር። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት የምሽት ቤት ኪቦርድ ተጫውቻለሁ። አሁን ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ላይ ሳውንድ እሠራለሁ፤ በሳምንቱ ክራር አስተምራለሁ። ግራ ጆሮዬ ጭው ይላል። ሌት ተቀን። ይህን ስጽፍም እየጮኸ ነው። እና ገለልተኛ ዳኛ ነኝ አልልም። ነጥቦቹን እሱ እንደ ደረደራቸው እሄድባቸዋለሁ፤ አንዳንዱ ላይ ግን እቆያለሁ።

«አዝማሪ ሺህ ዓመት ዘፍኗል፤ ጆሮዬን አመመኝ ያለ ግን አልሰማንም።»

አልሰማንም የሚለው እውነት ነው። ማን ጠየቀውና? ድምፁ የተዘጋበት አዝማሪ አገሩ ይገባል፣ ያርሳል፣ ወይም ልጁን ከፊት አሰልፎ እሱ ከኋላ ያጨበጭባል። መዝገብ የያዘለት የለም።

ደግሞ የድሮውን ማሲንቆ አስቡት። አንድ የፈረስ ጭራ፣ ቁርበት የተወጠረበት ሳጥን፣ ደጋን። በቃ። የሚዘፈንበት ቤት ጣሪያው ሣር፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ላይ ቄጠማ። ሣርና ቄጠማ ድምፅ ይጠጣሉ። ያ ሰው ላደንቁር ቢል እንኳ አቅሙ የለውም።

የዛሬውን ቤት ደግሞ እኔ ልንገራችሁ፤ ስንቱ ውስጥ ገመድ ዘርግቻለሁ። አራት በስድስት ሜትር ቢሆን ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ የፊቱ ግድግዳ መስታወት። ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ስፒከር። ማሲንቆው ላይ ማይክ፣ ከበሮው ላይ ማይክ። አዝማሪው ከስፒከሩ አንድ ክንድ ርቆ ይቆማል፤ ሌላ ቦታ የለማ። በቀደም አንዱ ቤት ስልኬን አውጥቼ ለካሁ። ከ97 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) አልወርድ አለኝ። የስልክ ልኬት ነው፤ ፍርድ ቤት አይቀርብም። ግን በሦስት በአራት ቢሳሳት እንኳ ነገሩ አይድንም።

ለምን? የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም የሚመክረው ገደብ በቀን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ሦስት ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት። 91 ላይ 2። 94 ላይ 1 ሰዓት። 97 ላይ ግማሽ ሰዓት። አዝማሪያችን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ይሠራል። የአሥር ቀን ድርሻውን በአንድ ሌሊት ጨረሰ ማለት ነው። ነገ ማታም ይመለሳል።

ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ ጸጉር መሰል ሴሎች አሉ፤ በአንዱ ጆሮ ወደ 15 ሺህ ገደማ። ከሞቱ አይተኩም። በጩኸት ቀድመው የሚጎዱት ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ፣ 4,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን፣ የሚቀበሉት ናቸው። ሰውየው ታዲያ አይደነቁርም። ይሰማዋል፤ አይለይለትም። ሰ ከጠ፣ ፈ ከሸ ይምታታበታል።

ይህ ለአዝማሪ ምን ማለት እንደሆነ ያየሁትን ላውራችሁ። አንድ ሰውዬ ቤቱን አስፍቶ፣ ወዳጆቹን ሰብስቦ መጣ። ግብዣው የሱ ነው። ከጓደኞቹ አንዱ ብድግ አለና «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሰጠ። መድረሻው «የወንድሜ ቤቱ ሰፋ» ነው። አዝማሪው አጎንብሶ ሰማ። ራሱን ነቀነቀ። ደጋኑን ሳብ አደረገና በዚያ ባማረ ድምፁ «የወንድሜ ቤቱ ጠፋ» ብሎ ለቀቀው። ቤቱ ጸጥ አለ። ባለ ግብዣው ፊቱ ጠቆረ። አዝማሪው ምን እንዳለ እንኳ አልገባውም፤ ሰዎቹን እያየ ፈገግ ብሎ ደገመው። ሽልማት ቀርቶ በሰላም መውጣቱም ተመስገን ነው። ቆይቶ ወደኔ መጣና «ማይኩ ነው አይደል?» አለኝ። ማይኩ አልነበረም። የሰውየው ግጥም በማይክ አልመጣም።

ሃያ ዓመት የሠራ ባለሙያ ነው። እንጀራው ከሰው አፍ ቃል መቀበል ነው። ያቺ ቃል ናት እየሄደችበት ያለችው።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው።»

እዚህ ላይ አልቆይም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈው መጽሐፍ ዘፋኞችንም አልረሳም። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት 2,212 የአሜሪካ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞችን ጠይቆ፣ 76 በመቶዎቹ ሥራቸውን ክፉኛ የነካ ቢያንስ አንድ የጤና ችግር እንዳለባቸው አግኝቷል። ጀርመን ውስጥ የጤና መድን መዝገብ አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙ ተመራማሪዎች ደግሞ፣ በሙዚቃ የሚተዳደር ሰው በጩኸት ጆሮው የመጎዳት ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል ብለዋል። ፈረንጅ ታመመ የምንለው ፈረንጅ ስለቆጠረ ነው።

ክሪስ ጎልድሻይደር የሚባል የቪዮላ ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ውስጥ በሮያል ኦፔራ ሃውስ ልምምድ ላይ መለከት ነፊዎቹ ከጀርባው ሆነው ተቀመጠ። ጆሮው ተጎዳ። ሙያውንም አጣ። አሠሪውን ከሰሰ፣ በ2018 ተፈረደለት፣ በ2019 ይግባኝ ሰሚውም ፍርዱን አጸናለት። የኛ አዝማሪ ከሱ የሚለየው የሚከሰው አሠሪ ስለሌለው ነው።

«እውነተኛ ሙዚቀኛ ሕመም አያውቅም፤ ቅዱስ ያሬድን እዩ።»

ይህን ሳነብ ቡናዬን አስቀመጥኩ። ታሪኩን ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጠው ጦራቸውን እግሩ ላይ ተከሉት። ደም ፈሰሰ። ዜማው እስኪያልቅ ዘማሪውም ንጉሡም አላወቁም።

ወዳጄ፣ እስከ መጨረሻው ተርከው እንጂ! ዜማው ሲያልቅ ንጉሡ ደሙን አዩ። ደነገጡ። ጦሩን ነቀሉና የፈለግኸውን ጠይቀኝ አሉት። ያሬድም ልመንን፣ ልሂድ አለ። ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። ቤተ መንግሥቱ ዘማሪውን አጣ።

ትውፊቱ እግሩ አልተወጋም አይልም። ተወግቷል፤ በዜማው ምክንያት አልተሰማውም ነው የሚለው። እኔም መድረክ ላይ ሳለሁ ጆሮዬ ጮኾብኝ አያውቅም። የሚጮኸው ቤት ገብቼ መብራት ሳጠፋ ነበር። ጠዋት ይተወኛል፤ ማታ እንደገና ወደ ስፒከሩ። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ጠዋት ሳይተወኝ ቀረ። ሙዚቀኛ ሲጫወት ሰውነቱ ዝም ይላል። ለዚህ ነው ከጎን ሆኖ እግሩን የሚያይለት ሰው የሚያስፈልገው።

አባቶቻችንስ የዘማሪን ሰውነት አላሰቡበትም እንዴ? መቋሚያው ምንድነው ታዲያ? ማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ነው፤ ያውም በጾም። ዘጌ ላይ በበዓል ቀን አንድ ሽማግሌ ደብተራ ሳይ አድሬያለሁ። መቋሚያውን ብብቱ ሥር ያስገባል፣ ክብደቱን ከግራ እግር ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ደረቱን ቀና ያደርጋል፣ ከዚያ ነው ድምፁን የሚያወጣው። ሲያሻው ያው በትር የዜማው ምት መምቻ ይሆናል። ከጎኑ የነበረው ወጣት መቋሚያውን እንደ ጌጥ ይዞት ነበር፤ ሊነጋ ሲል ወገቡን ይዞ ተቀመጠ። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት «ሲደገፍ ትንፋሹ ስንት ሰከንድ ይረዝማል?» አለችኝ። እኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም።

«ሐኪም እያለ የሙዚቃ ምሁር ምን ጥልቅ ያደርገዋል?»

ጆሮዬ ሲብስብኝ ወደ አንድ ሐኪም ሄድኩ። ትሑት ሰው ነው። ጆሮዬን አየ፣ በመሣሪያ አስለካኝ፣ ወረቀቱን ዘረጋው። መስመሩ ደህና ይሄድና 4,000 ላይ ሲደርስ ገደል ይገባል። «የት ፋብሪካ ነው የምትሠራው?» አለኝ። ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ አልኩት። ትንሽ አሰበና «እንግዲህ መተው ነው» አለኝ። አልወቅሰውም። የሚያውቀውን ነገረኝ። እኔ ግን የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ከፋርማሲ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ገዝቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ያ መድፈኛ ለወፍጮ ቤት ጥሩ ነው። ለሙዚቃ ግን ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ አብልጦ ይቆርጣል። ሁሉም ነገር ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚጫወት ይመስላል። የሚዘፍን ሰው ሲያደርገው ደግሞ የገዛ ድምፁ ጭንቅላቱ ውስጥ ይጮህበታል። ስለዚህ አንዱን አወለቅኩት። ግራውን! ለስፒከሩ የቀረበውን። ሁሉንም ድምፅ እኩል፣ ለምሳሌ በ15 ዴሲቤል፣ የሚቀንስ ለሙዚቀኛ ተብሎ የተሠራ መድፈኛ እንዳለ ያወቅኩት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ሐኪሙ አልነገረኝም፤ ሙዚቃ ሥራው አይደለማ። ሙዚቀኞቹ ጓደኞቼ አልነገሩኝም፤ ጆሮ ሥራቸው አይደለማ። ያንን የሚነግረኝ ሰው ነው ጽሑፉ ቅንጦት ያለው።

ማሲንቆንም ውሰዱት። እንደ ቫዮሊን ጣት የሚያርፍበት እንጨት የለውም። ጭራው አየር ላይ ነው፤ የግራ እጅ ጣቶች ከጎን ነው የሚነኩት። ተጫዋቹ ቆሞ፣ መሣሪያውን በማንገቻ ተሸክሞ፣ እየዘፈነ፣ በሰው መሃል እየዞረ ነው። የቫዮሊን ተጫዋች ትከሻ ላይ የተጻፈ ጥናት አምጥቶ መለጠፍ አይሆንም። ጣቱ የደነዘዘበት አዝማሪ ሐኪም ፊት ሲቀርብ «ምን ስትሠራ ነው?» ይባላል። መልሱ በቅኝት ነው ያለው፦ «አንቺሆዬ ስመታ ደህና ነኝ፤ ባቲ ላይ ነው የሚይዘኝ።» ይህን ወደ ሐኪም ቋንቋ ማን ይመልስለት?

በሐኪሙና በሙዚቃ ምሁሩ መካከል የቆመው ግድግዳ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነው። ኸርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1863 ስለ ድምፅ ስሜት የጻፈውን መጽሐፍ አኮስቲክ የሚያጠና ሁሉ ይጠቅሰዋል። ሰውየው በትምህርቱ ሐኪም ነበር።

ስለ ዝንጅብልም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ጸሐፊው «የኛ ዘፋኝ ዝንጅብልና ማር ካለው ምን ጎድሎት» ብሏል። እኔም እወዳለሁ። ግን የምንውጠው ነገር በምግብ ቧንቧ ነው የሚወርደው፤ የድምፅ አውታሮቹ ያሉት በአየር ቧንቧ በኩል ነው። ማሩ እነሱ ጋ አይደርስም። ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ደስ ይላል። የተጎዳ አውታር ዕረፍትና ውኃ ነው የሚሻው።

«አኮስቲክ የኦፔራ ቤት ሥራ ነው።»

እስኪ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጣና ዳር ቁም። ውኃው ረግቷል። ደንገል ታንኳ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች ከሩቅ ሲያወሩ ቃል በቃል ይሰማሃል። በረፋዱ ያው ርቀት ላይ ቢጮኹም አትሰማቸውም። ጠዋት ውኃው ላይ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ይቀዘቅዛል፤ ሽቅብ የሚሄደውን ድምፅ አጥፎ ወደ ታች ይመልሰዋል። ይህ አኮስቲክ ነው። ጣና ላይ ካሉት ገዳማት አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ የድንጋይ ደወል አላቸው። የትኛው ድንጋይ እንደሚዘምርና የትኛው እንደሚደነቁር ያወቀ ሰው ነበረ። የበገና አውታር ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ ያንን ዝዝዝ የሚል ድምፅ እንዴት እንደሚፈጥር በመለኪያ ያጠናችው ግን ከቤልጂየም የመጣች ተመራማሪ ናት፣ ስቴፋኒ ዌይሰር። ትባረክ። የኛ ልጅ ብታጠናው ምን ነውር አለው?

ኦፔራ ቤትም ላለ፣ ነገሩ የጀመረው በመማሪያ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ ውስጥ አዲስ የተሠራ አዳራሽ አስተማሪው የሚለው አልሰማ አለ። ድምፁ ለሰከንዶች እየተንገዋለለ የሚቀጥለውን ቃል ይውጠዋል። ዋላስ ሳቢን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር ላኩበት። እሱም ሌሊት ሌሊት ከሌላ ቲያትር ቤት የወንበር ትራስ እያስመጣ፣ ትራሱን እየጨመረና እየቀነሰ፣ ድምፁ ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደሚጠፋ ለካ። ከዚያ ትራስ የወጣው ቀመር ነው በ1900 የተከፈተውን የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ ያሠራው።

ትራስ እኮ እኛም አለን። ከተማችን ውስጥ ባዶ የሰርግ አዳራሽ ገብታችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ሞቶ አይሞትም። ሰው ሲገባበት አንዱ የሌላውን ለመስማት ይጮሃል፤ ዘፋኙ ከነሱ በላይ ይጮሃል፤ እኔን «ጨምርበት!» ይሉኛል። እጨምራለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ባለቤት ለምኜ ከመድረኩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ወፍራም መጋረጃ አሰቀልኩ። እሱ የመሰለው ጌጥ ነው። ያን ማታ ሚክሰሩን ካለወትሮዬ ዝቅ አድርጌ ሠራሁ፤ «አይሰማም» ያለኝ አልነበረም። መጋረጃ ግን ፊት ለፊት ከስፒከሩ ከሚመጣው አያድንም። እሱን ስፒከሩን ማራቅ ነው፤ ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ ቤት ውስጥ ከዚያ ያነሰ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ለሙዚቃ ቤት ታዳሚ ጣሪያው 100 ዴሲቤል ይሁን ብሏል፤ በ15 ደቂቃ አማካይ። እኔ በዚህ ልክ የሠራሁት ሰርግ በጣት ይቆጠራል። «ድምፁ ካልከበደ ሰርጉ አይደምቅም» የሚሉኝ የሙሽራው አጎቶች ናቸው፤ ከነሱ ጋር ክርክር የለም።

«ሥራ የለውም።»

ይህ ነጥብ ሚዛን ይደፋል። በዚህ ስም የወጣ ክፍት የሥራ መደብ አይቼ አላውቅም፤ ቶሎ አያለሁ ብዬም አልጠብቅም። ለእህቴም አልዋሸኋትም። ልጅቷ ፊዚክሷን ትጨርስ፣ ሙዚቃውን ትማር፣ የጆሮ ምርመራ ወረቀት ማንበብ ትልመድ፤ ያ ብቻ ስንት ዓመት ነው። እንጀራዋ መጀመሪያ ከማስተማር ይመጣል። ከዚያ አዳራሽ የሚሠራ ሰው ሴራሚኩን ከመለጠፉ በፊት ሊያማክራት ይችላል፤ ካማከራት። ኢትዮጵያዊው አሸናፊ ከበደ በኢትኖሙዚኮሎጂ ዶክትሬት ሲይዝ ስንት ቤተሰብ ያንን ቃል መጥራት ይችል ነበር? እሱ ግን የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን መርቷል፣ ስለ ሙዚቃችን ጽፏል። ይህ ዋስትና እንዳልሆነ አውቃለሁ። የደመወዙን ነገር ጸሐፊው ረቶኛል፤ ልጅቷን «ተዪው» ለማለት ግን አልበቃኝም።

ይህን ምላሽ ከማውጣቴ በፊት ለሷ ላክሁላት። ስለ ጽሑፉ አንድ ቃል አልተናገረችም። «ጋሼ፣ ያንን ሰፋ እና ጠፋ ቅዳልኝ» አለች። «ቤቱ ውስጥ፣ ስፒከሩ እየሠራ፣ አዝማሪው በሚቆምበት ቦታ። ከዚያ ደግሞ ስፒከሩን አርቀህ።» አዝማሪውን አነጋገርኩት። ቅዳሜ ከሥራ በፊት፣ 11 ሰዓት ላይ ና ብሎኛል። አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቆኛል፤ ያ ቤቱን ያሰፋው ሰውዬ በዚያ በኩል እንዳያልፍ።